«ተቀበል» ያለው ማን ነው?

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ቦታው። ዳሱ ውስጥ ሁለት ሞንታርቦ ቆሟል። የሙሽራው ጓደኞች ስልክ እየተቀባበሉ ዘፈን ይመርጣሉ። ራት ተበልቶ ጠላው መዞር ሲጀምር፣ ሰሞኑን በየሚኒባሱ የሚሰማውን አንድ ዘፈን ለቀቁት። ወጣቱ በአንዴ ከመቀመጫው ተነሣ። ሚዜዎቹ ክብ ሠሩ። ዳሱ በእስክስታ ተናወጠ።

አጠገቤ የተቀመጡት ትልቅ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ዘፈኑን ጥቂት አዳመጡና «ይቺማ የኛዋ ናት» አሉ። መጀመሪያ ዘፈኑን መውደዳቸውን የነገሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በቀስታ አዜሙልኝ። ዜማው ያው ነው። ፍጥነቱ ግን ግማሽ አይሆንም። ቃሉም ሌላ ነው። እሳቸው የሚያውቁት፣ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ልትወጣ ስትል ሴቶች ከበዋት የሚሉትን ነው። ሲባል ይለቀስ ነበር። እኛ ደግሞ እየጨፈርንበት ነው።

«ታዲያ ተሰረቀ ማለት ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ዘፈን በግ ነው እንዴ የሚሰረቀው? ከማን እንደተቀበሉ አልተናገሩም እንጂ።»

ይህ አነጋገራቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። በቲክቶክና በዩቲዩብ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር አስተያየት መስጫው ላይ ጭቅጭቅ ይነሣል። «ይህ የአያቶቻችን ዜማ ነው፣ ሰርቀው ነው» የሚል አለ። «የሕዝብ ነው፣ ማንም ይዝፈነው» የሚልም አለ። እትዬ የተናገሩት ከሁለቱም የተለየ ነው። መውሰዱን አልተቃወሙም። የጎደለባቸው ሌላ ነገር ነው።

ቤት ስገባ ዘፈኑን ደጋግሜ ሰማሁት። መጀመሪያ ሳልደብቅ ልናገር፣ ወድጄዋለሁ። ቤዙ ደረት ይመታል። ድምፃዊቷም ጎበዝ ናት። ግን ምን እንደተወሰደና ምን እንደተለወጠ ለማየት ከእትዬ እንጉርጉሮ ጋር አስተያየሁት።

ዜማው የቆመው በአምስት ድምፆች ላይ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የትዝታ ቅኝት ነው። እዚህ ላይ አዲሱም አሮጌውም አንድ ናቸው። የሚለያዩት መጨረሻው ላይ ነው። እትዬ እያንዳንዱን ስንኝ ሲጨርሱ ድምፃቸው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ እንባ እንደሚወርደው። አዲሱ ዘፈን ግን ከፍተኛውን ድምፅ ይዞ እዚያው ይቆያል። ሕዝብ አብሮ እንዲጮህበት ነው። አንዲት ኖታ ወደ ላይ በመቅረቷ ብቻ ስንብቱ ደስታ ሆነ።

ምቱም ተለውጧል። የድሮው በጭብጨባ ስድስት ስድስት እየተቆጠረ የሚንከባለል ነው። ሙዚቀኞች ቺክቺካ የሚሉት ምት የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። አዲሱ በኮምፒውተር ከበሮ አራት አራት እየተመታ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለክለብ ይመቻል፣ ለመኪናም ይመቻል። ትከሻችን ግን ስድስቱን ስለሚያውቅ፣ በዚያ ሠርግ ላይ ልጆቹ በአራቱ ምት ላይ ስድስቱን ሲያስገቡበት አይቻለሁ። ሰውነት የተማረውን ቶሎ አይረሳም።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ ግን ቅብብሉ ነው። በሴቶች የሠርግ ዘፈን አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውጪዋ ስንኙን ትለዋውጣለች፤ የሙሽራዋን እናት ታነሣለች፣ አገሯን ታነሣለች፣ ያልመጣ ዘመድ ካለ ትወቅሳለች። ተቀባዮቹ ያንኑ አዝማች እየመለሱ ይይዟታል። ስለዚህ ዘፈኑ በአንድ ሰው አይዘፈንም። ቤቱ ሙሉ ሰው ከሌለ ዘፈኑ የለም። በስቱዲዮው ሥራ ውስጥ አዝማቹን የሚቀበለው ድምፅ የድምፃዊቷ የራሷ ነው። አራት አምስት ጊዜ ተቀድቶ ተደራርቧል። አንድ ሰው አውጥቶ አንድ ሰው ይቀበላል።

እዚህ ላይ ነው የእትዬ ነገር የገባኝ። በእኛ ሙዚቃ መቀበል ተራ ቃል አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ታዳሚ ግጥም ይመጣለታል። «ተቀበል!» ብሎ ይጮሃል። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይሰማና፣ ስንኙን በዜማ መልሶ ለቤቱ ሁሉ ያሰማል። ሲቀበል ግን እንዳለ አይደግመውም። አንዷን ቃል ይጎትታል፣ አንዷን ያጥፋል፣ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ይሸፍናል። ግጥሙ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ሌላ ነገር ይሆናል። ቤቱ ይስቃል፣ ሰጪው ይሸልማል።

ልብ በሉ፤ ይህ ፍጹም መዋስ ነው። አዝማሪው የሰው ግጥም ወስዶ፣ ከማን እንደመጣ በማይታወቅ ዜማ ላይ ጭኖ፣ ገንዘብ ይቀበልበታል። ሆኖም ማንም ሌባ አይለውም። ምክንያቱም ሰጪው እዚያው ተቀምጧል። ቤቱ ሁሉ አይቶታል። «ተቀበል» ያለው ማን እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ጋ መዋስና ማክበር በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ነው የኖሩት።

ቅኝቶቻችንን ራሳቸውን ተመልከቱ። አራቱን ዋና ዋና ቅኝቶች የማያውቅ የለም፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲ የገበያ ከተማ ነው። አምባሰልም አምባ ነው። ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው። የመንዝ ሰው በአምባሰል ሲያንጎራጉር የሚቆጣው የለም። የጎንደር ክራር መቺ ባቲን ሲቃኝ ፈቃድ አይጠይቅም። ዜማው ለሁሉ ሆኗል። ስሙ ግን አገሩን ይዞ ቀርቷል። የተዋስነውን ነገር በመጣበት አገር ስም እየጠራን ስንጠቀምበት ኖረናል ማለት ነው። ይህ ልማድ ከቅጂ መብት አዋጃችን የቀደመ ነው።

ሸዋ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ቅብብል የተመቸ ቦታ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ የምትገኘው አልዩ አምባ በ19ኛው መቶ ዘመን ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ቡናና ሌላ ሌላውን ይዘው ይመለሳሉ። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ ሐረሬው እዚያ ይገናኛል። ገበያ ባለበት ጨዋታ አለ። ዛሬ «የኛ ብቻ» ብለን የምንከራከርባቸው ዜማዎች ስንቱን ቁልቁለት ወርደው ስንቱን ዳገት ወጥተው እንደመጡ ማሰብ ያስደስተኛል።

ሰሜን ሸዋ ያፈራቻቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያሳዩናል። የመጀመሪያውን ባጭሩ ልጥቀስ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የምንጃር ሰው ናቸው። በግጥምና በቅኔ የታወቁ ነበሩ። ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከ1908 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተቀረጹት እነዚህ ሸክላዎች የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ ቅጂዎች ተብለው ይታወቃሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው፣ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂዎችን ዳግም የሚያሳትመው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ 27ኛ ቅጹን ለእሳቸው ሰጥቷል።

የዚያን ዘመን ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። የአዝማሪ ጨዋታ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። ስለዚህ የሚያልቅበት የማይታወቀው ነገር ተቆርጦ ሸክላው ውስጥ መግባት ነበረበት። ስንኙ ተመረጠ፣ ቅደም ተከተል ተሰጠው፣ ጸና። ከዚያ ወዲያ ዘፈን እንደ ዕቃ የሚያዝ፣ የሚሸጥ፣ «ይህ የእገሌ ነው» የሚባል ነገር ሆነ። «ተቀበል» የሚለው ሰው ግን ሸክላው ውስጥ የለም። ጀርመን ድረስ አብሮ አልሄደማ።

ሁለተኛው ሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በዚህ ሰው ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ።

ጌታቸው በ1927 ዓ.ም. ይፋት ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ የነካው ክራርና ማሲንቆ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ላይ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዘ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ። ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ቀጥሎም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። ሳክስፎን ያኔ ለአገራችን እንግዳ ነበር። የናስ መሣሪያዎች ሥር የሰደዱት፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ባስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና እነሱን ተከትለው በመጡት ባንዶች ነው። የሰልፍ መሣሪያ ነበር። ኖታ እየታየ፣ እግር እየተቆጠረ የሚነፋ።

ጌታቸው በዚህ መሣሪያ ሽለላ ነፋ።

ሽለላ ምን እንደሆነ ለአገሬ አንባቢ ማስረዳት የለብኝም ይሆናል። ግን ልጆቻችን ብዙዎቹ በመድረክ ትርዒት ብቻ ስለሚያውቁት ልናገር። ሽለላ የሚለቀቀው ሰው ሊዘምት ሲል፣ ወይም ገድሎ ሲመለስ፣ ወይም ጀግና ሲቀበር ነው። ድምፁ ከላይ ይጀምራል። በአንድ ትንፋሽ ረጅም ይጎተታል። ከዚያ ቃላቱ እንደ ናዳ ይወርዳሉ። ቋሚ ምት የለውም። የሚቆጥረው ትንፋሹና የሰሚው ደም ነው። ሲጋጋል ፎካሪው ዘሎ ይነሣና «ዘራፍ!» ይላል። ሽለላ ሰውን ከመቀመጫው ለማስነሣት የተሠራ ነው። ቆንጆ ሆኖ ለመሰማት ብቻ የተሠራ አይደለም።

አሁን አስቡት። ሽለላ በቃል የሚኖር ነገር ነው። የጀግናው ስም፣ የአባቱ ስም፣ የፈረሱ ስም፣ የዋለበት ሜዳ። ሳክስፎን ደግሞ ቃል የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ከሽለላው ዜማውን ብቻ ለቅሞ፣ በምት አስሮ፣ ጥሩ የማርሽ ሙዚቃ ሊሠራበት ይችል ነበር። ጌታቸው ያን አላደረገም። የወሰደው የሽላዩን ጉሮሮ ነው። የድምፁን መንቀጥቀጥ፣ መሻከሩን፣ ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል የሚመጣውን ጩኸት፣ ቃል ሲደራረብ የሚሰማውን ጥድፊያ። ያን ሁሉ በናስ ቱቦ ውስጥ አስገባው። የሚሰማ ሰው ቃል ባይኖርም ቃል የሰማ ይመስለዋል። የውጭ አገር ተቺዎች ኋላ ሲሰሙት በአሜሪካ ፍሪ ጃዝ ከሚባለው፣ ያለ ቋሚ ምትና ሕግ ከሚነፋው ሙዚቃ ጋር አመሳስለውታል። ጌታቸው ግን ከዚያ አልቀዳም። የቀዳው ከይፋት ነው።

መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ ካባ ደርቦ ይወጣ ነበር። ይህን ለጌጥ ያደረገው አይመስለኝም። ያ ልብስ «ተቀበል» ያለው ማን እንደሆነ የሚናገር ነው። ሳክስፎኑን የሚሰማው ሁሉ፣ ይህ ድምፅ ከሽላይና ከፎካሪ የመጣ መሆኑን በዓይኑ ጭምር እንዲያይ አድርጎታል። ከሥራዎቹም መካከል ስሙ ራሱ «ሽለላ» የሆነ አለ። አልደበቀም። በ1960ዎቹ የወጣው አልበሙ ኋላ በኢትዮፒክስ 14ኛ ቅጽ ዳግም ታትሟል። ያልሰማችሁት ካላችሁ ዛሬ ማታ ስሙት። በጆሮ ማዳመጫ ሳይሆን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ቤት ውስጥ ሰው ባለበት።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። ዘ ኤክስ የሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ አለ። ፓንክ ማለት ጩኸት የበዛበት፣ ሕግ የማይወድ ሙዚቃ ነው። ጌታቸው በስተርጅና ከእነዚህ ሰዎች ጋር ተገናኘ። «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም በ2006 እ.ኤ.አ. አብረው አወጡ። ጊታራቸው ከሽለላው ጋር ገጠመ። ሁለቱም ሰውን ከመቀመጫው ለማስነሣት የተሠሩ ናቸውና። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ አካሌ ውቤ የተባለ ባንድ ተቋቁሟል። ስሙን የወሰደው ጌታቸው ከተጫወተው ዜማ ነው። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አረፈ። የዜማው ስም ግን የፈረንሳዮች ባንድ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ከውጭ የመጣ መዋስ ሁሉ እንዲህ ያማረ ነው ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። አሜሪካዊው ራፐር ናስና የጃማይካው ዘፋኝ ዴሚየን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት አልበም የመጀመሪያው ዘፈን የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጦ የተሠራ ነው። ሳምፕል የሚሉት ይህን ነው። አዲስ ቅጂ ሳይሠሩ ከድሮው ቅጂ ራሱን ቆርጦ መጠቀም። ዜማውን የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ሙላቱን ይሰማል። የሙላቱ ስም አለ፣ ሸክላው አለ፣ ማን እንደሠራው ይታወቃል። ስለዚህ ዜማው አሜሪካ ቢደርስም ከአባቱ አልተለየም። ከእትዬ የተወሰደው ዜማ ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ስሙን ጥሎ ገባ።

ለምን? ሕጉን ስናይ ነገሩ ይገባናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ የሚጠብቀው የአንድን ሰው የፈጠራ ሥራ ነው። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ድምፃውያንና አቀናባሪዎች ስንት ዓመት የጮኹለት ነገር ነው። ግን የእትዬን ዜማ ማን ደረሰው? ሞቱ የሚቆጠርለት ደራሲ የለውም። በሌላ በኩል፣ የሕዝብ ዜማ ወስዶ በአዲስ ቅንብር የሠራ ሰው በቅንብሩ ላይ መብት አለው። ይህም ፍትሐዊ ነው፣ ደክሞበታል። ውጤቱ ግን ይህ ነው። ዜማውን መቶ ዓመት ይዘው ያቆዩት ሴቶች በወረቀት ላይ የሉም፤ ባለፈው ዓመት ቢት የሠራበት ልጅ አለ።

ማሽኑ ደግሞ ከሕጉ ይብሳል። ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚለው ሥርዓት አለው። ባለመብቶች ቅጂያቸውን ያስገቡለታል። እሱ አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ ባለመብቱ ቪዲዮውን ሊያግድ፣ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ሊወስድ ይችላል። ሥርዓቱ የሚያውቀው የገባለትን ቅጂ ብቻ ነው። እትዬ በሠርጉ ላይ ሞንታርቦው ጠፍቶ ቢያዜሙ፣ ማሽኑ ዘንድ እሳቸው ማንም አይደሉም። በሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ ያ አዲሱ ዘፈን ከኋላ ቢሰማ ግን ቪዲዮው የሌላ ሰው ንብረት ተብሎ ሊያዝ ይችላል። ምንጩ እንግዳ ሆነ፣ የቀዳው ባለቤት ሆነ።

በአልበም ሽፋንና በቪዲዮ ሥር የሚጻፍ አንድ የተለመደ ቃል አለ። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ»። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ይረካል። ምንጩ ተጠቀሰ ይላል። እኔ ግን ከእትዬ ጋር ካወራሁ ወዲህ ይህ ቃል ይጎረብጠኛል። ሕዝብ ማለት ማን ነው? የመንዝ ነው? የተጉለት ነው? የቡልጋ? የመርሐ ቤቴ? ወንዶች በአውድማ የሚሉት ነው ወይስ ሴቶች በጓዳ? ለሠርግ ነው ለሐዘን? «የሕዝብ» የሚለው ቃል ሁሉንም ያመሰግናል፤ ማንንም ግን ስሙን አይጠራም። አያቶቻችን ቅኝቱን እንኳ «የሕዝብ ቅኝት» አላሉትም። ባቲ አሉት። አምባሰል አሉት።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ፈራ። «በዚህ ዘመን አገር እየጠራህ ይህ የእነ እገሌ ነው ካልክ ጠብ ታመጣለህ» አለኝ። ስጋቱን አልንቀውም። ዜማ እንኳ የክርክር ድንበር እየሆነ ነው። አንድ ዘፈን በወጣ ቁጥር ሦስት አካባቢ «የኛ ነው» ይላል። ግን እኔ የምጠይቀው ባለቤት እንዲጻፍ አይደለም። መንገዱ ይጻፍ ነው የምለው። «ይህን ዜማ ከአንኮበር አካባቢ፣ ሙሽራ ሲሸኙ ከሚያዜሙ እናቶች ሰማሁት» ማለት አጥር አያጥርም። ወሎ ያለችው እናት ደግሞ «እኛም ጋ አለ፣ እንዲህ ነው የምንለው» ትበል። ያን ጊዜ ዜማው የበለጠ ሰፊ ይሆናል። ጠብ የሚመጣው ስሙ ሲጠራ ይመስለናል። እኔ እንዳየሁት ግን ይበልጥ የሚመጣው ስሙ ሲደበቅ ነው። ሰው ያልተጠራ ሲመስለው ነው የሚጮኸው።

ሁለተኛው የምጠይቀው ነገር ይከብዳል። የሚዋስ ሰው ዜማው ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ይጠይቅ። ጌታቸው ሽለላ ሰውን እንደሚያስነሣ ያውቅ ነበር። ስለዚህ መሣሪያውን ሲለውጥ ሥራውን አልለወጠም። የሠርጉን ዘፈን የሠሩት ልጆች ግን ዜማው ስንብት መሆኑን የሰሙ አይመስለኝም። ቢሰሙ ኖሮ ጭፈራውን ይተዉት ነበር አልልም። ምናልባት መሐል ላይ ቤዙን አቁመው፣ አንዲት እናት ብቻዋን ያቺን የምትወርደውን ስንኝ እንድትል ያደርጉ ነበር። አስር ሰከንድ ብቻ። ከዚያ ከበሮው ይመለስ። እንዴት ያለ ዘፈን ይሆን ነበር! ይህን ሳስብ እቆጫለሁ፣ ዘፈኑን ስለምወደው ነው የምቆጨው።

ደግሞ ጊዜ የለንም። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዛሬ ቀዬአቸውን ጥለው የተጠለሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከወለጋ የመጡ አሉ፣ ከሌላም። ሰው ሲሰደድ እህሉን ጥሎ ይወጣል፣ ከብቱን ጥሎ ይወጣል። ዜማውን ግን ይዞ ይመጣል። ሆኖም የሚያወጣው ሰው ቢኖር የሚቀበለው ጎረቤት ተበትኗል። ቅብብል ያለ ተቀባይ አይቆይም። ሞባይል ያለው ልጅ ሁሉ፣ ስቱዲዮ ሳያስፈልገው፣ አንድ እናት አስፈቅዶ ሙሉውን ቢቀዳ፣ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን፣ መቼ እንደሚባል ቢጽፍበት ብዙ ነገር ይተርፋል። ከዚያ ላይ ዘፈን የሚሠራ ሰው ደግሞ ሲያተርፍ ወደዚያች ቤት ይመለስ። አዝማሪ ቤት እንኳ ሰጪና ተቀባይ አብረው ነው የሚጠጡት።

ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሄድኩ። የእትዬ የልጅ ልጅ 10ኛ ክፍል ነው። ስልኩን ይዞ አያቱ ፊት ተቀምጧል። ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲሉለት ለምኗቸው ነበር። እሳቸውም ሁለት ጎረቤቶች አስጠሩ፤ ተቀባይ ከሌለ አይሆንም አሉ። ሴቶቹ መጡ። እትዬ አወጡ፣ እነሱ ተቀበሉ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንደኛዋ ሴት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ልጇን ባለፈው ዓመት ነው የዳረችው።

ሲጨርሱ ልጁ ከቪዲዮው ሥር ለመጻፍ አሰበ። «እማማ፣ ዜማው የእርስዎ ብዬ ልጻፈው?» አላቸው።

«ኧረ የኔ አይደለም» አሉት። «እኔ ከአክስቴ ነው የተቀበልኩት። እሷም ለዚህ አገር ስትዳር ከግሼ ይዛት የመጣች ናት። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»